ማዛወር ያልቻለ ባለቤት አይባልም፦ የመንግሥት ሰርቨሮችና የማይታየው ኔትወርክ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ዋና መሥሪያ ቤቱ በሳን ሆዜ የነበረው ብሮድኮም በፓሎ አልቶ የሚገኘውን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛ። ግዥው በ2022 ሲታወጅ የተጠራው ዋጋ 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ስምምነቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ወር ሳይሞላ ኩባንያው አንድ ጊዜ ተገዝቶ ያለ ጊዜ ገደብ የሚሠራበትን የሶፍትዌር ፈቃድ መሸጥ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኤቲኤንድቲን የሚያክል ግዙፍ ድርጅት እንኳ ቀድሞ በገዛው ፈቃድ ላይ የድጋፍ አገልግሎት እንዳይቋረጥበት ፍርድ ቤት ሄዶ ተሟግቷል፤ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጭቷል።

በሲሊከን ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ይህ በአመዛኙ የአክሲዮን ገበያና የሥራ ቅነሳ ወሬ ነበር። ሰርቨሮቻቸውን በዚህ ሶፍትዌር ላይ ላሳረፉ የዓለም መሥሪያ ቤቶች ግን ነገሩ ወደ አንድ ጥያቄ ተጠቃለለ፦ በአዲሱ ዋጋ ካልተስማማን ወዴት እንሄዳለን? በምን መንገድስ እንሄዳለን? መልስ የነበራቸው አስቀድመው መንገዱን የሠሩ ብቻ ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው። ኢትዮጵያ የዜጎቿን መዝገብ በራሷ ምድር፣ በራሷ የመረጃ ማእከሎች ለማኖር እየተጓዘች ነው። የዚህ ውሳኔ ዋጋ የሚለካው ሰርቨሩ በቆመበት ከተማ ብቻ አይደለም። በሰርቨሩ ላይ ያለውን ሥራ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ለማዛወር ባለን አቅም ይለካል። ይህ አቅም በአብዛኛው በኔትወርኩ አዘረጋግ ይወሰናል፤ ኔትወርክ ደግሞ በጨረታ ሰነድ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የሚገኝ፣ በምረቃ ቀንም ማንም የማያየው ክፍል ነው።

መዝገቡ እየተጻፈበት ሲገለበጥ

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። አንድ ሰርቨር እንዲህ ያሉ በርካታ ማሽኖችን ይሸከማል፤ አንዱ የደመወዝ መዝገብ፣ ሌላው የይዞታ መዝገብ፣ ሌላው የኢሜይል አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ተሸካሚው ሰርቨር ጥገና ሲያስፈልገው ወይም የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ሲታወክ የተሸከማቸው ሁሉ አብረውት ይቆማሉ። ላይቭ ማይግሬሽን የሚባለው ዘዴ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው፤ ማሽኑ ሥራውን ሳያቆም፣ ተጠቃሚውም ሳያውቀው፣ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ይሻገራል።

ቪኤምዌር ይህን ችሎታ ቪሞሽን በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2005 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ዜን በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች በኢንተርኔት እየተጫወቱበት የነበረ የጨዋታ ሰርቨር 60 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ቆሞ ቦታ እንደ ቀየረ አሳዩ።

አሠራሩን ለመረዳት መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። አንድ ጸሐፊ የሚጽፍበትን ትልቅ መዝገብ ሌላ ገልባጭ አጠገቡ ተቀምጦ ይገለብጣል እንበል። ገልባጩ መጀመሪያ ሁሉንም ገጾች ይገለብጣል። በዚህ መካከል ጸሐፊው አንዳንድ ገጾችን ለውጧል፤ ስለዚህ ገልባጩ የተለወጡትን ብቻ እንደ ገና ይገለብጣል። ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀሩት ገጾች ያንሳሉ። በመጨረሻ ጸሐፊው ለቅጽበት ብዕሩን እንዲያነሣ ይደረጋል፤ የቀሩት ጥቂት ገጾች ይገለበጣሉ፤ ጸሐፊውም በአዲሱ መዝገብ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። የኮምፒውተሩ ሜሞሪም የተከፋፈለው በገጽ ነው፤ ሂደቱም ይኸው ነው።

ነገር ግን ጸሐፊው ገልባጩን ከቀደመ ሥራው አያልቅም። ችግሩ ኔትወርክ ላይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ የመረጃ ቋት በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ቢዛወር፣ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። መስመሩ በሰከንድ 10 ጊጋቢት ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በታች ይበቃዋል። ልዩነቱ የትዕግሥት ጉዳይ አይደለም። በ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 125 ሜጋባይት ነው። የመረጃ ቋቱ በየሰከንዱ 200 ሜጋባይት ሜሞሪ የሚለውጥ ከሆነ ዝውውሩ ፈጽሞ አይጠናቀቅም፤ ወይ ይከሽፋል፣ ወይ ሶፍትዌሩ ማሽኑን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። በሥራ በተጨናነቀ ቀን፣ ማለትም ዝውውሩ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቀን፣ ጠባቡ መስመር ከዳተኛ ይሆናል።

ጥገናን የሚያስፈራ መሥሪያ ቤት

ይህ ሁሉ ለሀብታም ኩባንያ የሚሆን ቅንጦት ይመስላል። ጥቅሙ ግን የሚታየው በደኅንነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ፣ የዓለም ሰርቨሮች በአስቸኳይ መታደስ ነበረባቸው። ጉግል የደመና ደንበኞቹን ማሽኖች በላይቭ ማይግሬሽን እያዛወረ ከሥር ያሉትን ሰርቨሮች አደሰ፤ ደንበኞቹን ዳግም አስነሡ ብሎ ማስገደድ እንዳላስፈለገው አስታወቀ። ይህን ማድረግ ያልቻሉ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ማሽኖች አጥፍተው ማስነሣት ነበረባቸው።

ማዛወር የማይችል መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ምርጫ አለው፤ እርሱም ዝም ማለት ነው። ሰርቨሩን ለማደስ አገልግሎት ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ አገልግሎት ለማቋረጥ የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ኃላፊው ደግሞ ዜጎች በመስኮት ፊት ተሰልፈው «ሲስተም የለም» ሲባሉ መወቀስ አይፈልግም። ስለዚህ እድሳቱ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው። በመጨረሻ የሚገኘው ማንም ሊነካው የማይደፍር፣ ክፍተቱም ያልተደፈነ ሰርቨር ነው። ያለ ማቋረጥ ማዛወር ለባለሙያው የሚሰጠው ነፃነት በቀትር፣ በሥራ ሰዓት፣ ያለ ፍርሃት የመጠገን ነፃነት ነው።

የነገሩን ልክ ማወቅም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረው የሲስተም ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ በር ከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት ላይቭ ማይግሬሽን አይከላከልም፤ የተሳሳተ ሶፍትዌር ቢዛወር በአዲሱ ሰርቨር ላይም ያው ስሕተት ይሠራል። መጠባበቂያ ቅጂን፣ የሶፍትዌር ፍተሻንና የውስጥ ቁጥጥርን የሚተካ አይደለም። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከሥር ያለው ዕቃ ሲለወጥ ከላይ ያለው አገልግሎት ይቆማል ወይ?

መንገዱ ምን ይመስላል?

ለዝውውር የሚሆን ኔትወርክ ከተራው ኔትወርክ የሚለየው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ዝውውር ሲጀመር ያገኘውን መስመር ሁሉ ሞልቶ ይጠቀማል። ዜጎች አገልግሎት በሚያገኙበት መስመር ላይ ቢለቀቅ አገልግሎቱን ያንቃል፤ ሰርቨሮቹ ከማከማቻቸው ጋር በሚነጋገሩበት መስመር ላይ ቢለቀቅ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የተለየ ካርድ፣ የተለየ የስዊች በር፣ ቢያንስ የተለየ ክፍልፋይና የተወሰነ ድርሻ ያስፈልገዋል። መስመሩ ጥንድ ቢሆን ደግሞ አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሥራው አይቆምም።

ሁለተኛ፣ በምስጠራ መሸፈን አለበት። በዝውውር ጊዜ በኬብሉ የሚያልፈው የማሽኑ ሙሉ ሜሞሪ ነው፤ በውስጡ የይለፍ ቃላት፣ የምስጠራ ቁልፎች፣ በዚያች ደቂቃ የተከፈቱ የዜጎች ፋይሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመካከል የቆመ ሰው በዝውውር ላይ ያለን ሜሞሪ ማየት ብቻ ሳይሆን መለወጥም እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ቪኤምዌር ዝውውሩን ራሱን የሚያመሰጥር አማራጭ ያቀረበው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው። በክፍት ሶፍትዌሮችም ዘንድ ምስጠራው ሰው አስቦ የሚያበራው ቅንብር ሊሆን ይችላል። በዲስክ ላይ የተቀመጠውን መረጃ አመስጥሮ በኬብል የሚሄደውን ገላጣ መተው ደጁን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ሦስተኛ፣ አድራሻው ከማሽኑ ጋር መሄድ አለበት። ማሽኑ ቦታ ሲቀይር የኔትወርክ አድራሻው ከተቀየረ ተጠቃሚው ይቋረጣል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይህ ቀላል ነው፤ አዲሱ ሰርቨር «ይህ አድራሻ አሁን በእኔ በር ነው» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፣ ስዊቾቹም ሰንጠረዣቸውን ያርማሉ። በሁለት ሕንፃዎች ወይም በሁለት ከተሞች መካከል ግን አንዱን ኔትወርክ በሌላው ላይ የሚያነጥፍ ዘዴ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ቪኤክስላን የተባለው አሠራር ለዚህ ዋና መሣሪያ ሆኗል። ዕቃው በገበያ ላይ ሞልቷል፤ ብርቅ የሚሆነው ይህን ነድፎ፣ ሰንዶ፣ ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው ነው።

አዳማ ትቀርባለች፣ ባሕር ዳር ትርቃለች

ስለ ሁለተኛ የመረጃ ማእከል ሲነሣ ፖለቲካው ከፊዚክሱ ቀድሞ ይናገራል፤ ማእከሉ የት ክልል ይሁን የሚለው ክርክር የሚጀመረው ርቀቱ ምን ይፈቅዳል ከሚለው በፊት ነው። ፊዚክሱ ግን አይደራደርም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ፋይበር ለደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይጠይቃል። የስዊቾችና የራውተሮች መዘግየት በላዩ ይደመራል።

ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2011 ለዝውውር የፈቀደው የደርሶ መልስ መዘግየት እስከ 10 ሚሊሰከንድ ነበር፤ በ2015 ይህን ወደ 150 ሚሊሰከንድ አሰፋው። በዚህ ስሌት ሜሞሪን ከአዲስ አበባ ወደ ኢትዮጵያ የትኛውም ከተማ ማሻገር ይቻላል። ከባዱ ዲስኩ ነው። አንድ መረጃ በሁለት ቦታ በአንድ ቅጽበት እንዲጻፍ ከተፈለገ በተለምዶ የሚጠየቀው ጣሪያ 5 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ በዚህ ጣሪያ ሥር ተመችታ ትገባለች። በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ባሕር ዳር፣ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ከሄደ፣ ጣሪያውን ትነካለች ወይም ታልፋለች። መቀሌ ደግሞ ከዚያም ትርቃለች።

እንግዲያው አዳማን መርጠን እንጨርስ? በዚህ ላይ የቤይ ኤሪያ ነዋሪ የሚያውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1989 ከሳን ሆዜ በስተደቡብ በሎማ ፕሪዬታ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በኦክላንድ የሳይፕረስን ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና አፍርሷል። አዳማ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የተደጋገሙት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው እንዲነሡ ምክንያት ሆነዋል። ላይቭ ማይግሬሽን ቅርበትን ይፈልጋል፤ ከታላቅ አደጋ ማምለጥ ርቀትን ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቦታ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ትክክለኛው ንድፍ ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። ለዕለት ተዕለት ጥገናና ለኤሌክትሪክ መቋረጥ ቅርብ የሆነ ጥንድ ማእከል ይኑር፤ በመካከላቸው ሰፊና የተመሰጠረ መስመር ይዘርጋ። ለከባድ አደጋ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው የራቀ ሦስተኛ ቦታ ይኑር፤ ቅጂው በደቂቃዎች ዘግይቶ ይድረሰው፤ አገልግሎቱ ወደዚያ ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ይታመን። ሁለቱንም በአንድ ግንባታ እናሳካለን የሚል አቅራቢ ካለ፣ ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጥ።

ከሻጩ የመውጣት መንገድ

ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ ከከተማ ወደ ከተማ ከሚደረገው ዝውውር ሌላ ከሻጭ ወደ ሻጭ የሚደረግ ጉዞ አለ። ይህኛው ያለ ማቋረጥ አይሆንም፤ የአንዱ ሶፍትዌር ማሽን በሌላው ላይ እንዲሠራ ቅርጹ ተለውጦ እንደ ገና መነሣት አለበት። ቢሆንም አማራጩ አለ። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በ2007 የሊነክስ አካል ሆኖ ከወጣ ወዲህ ኦፕንስታክም ፕሮክስሞክስም በእርሱ ላይ ተገንብተዋል፤ የሳን ሆዜው ኑታኒክስ የሚሸጠው የራሱ ምርትም መሠረቱ ኬቪኤም ነው። ላይቭ ማይግሬሽን ዛሬ የማንም የግል ምስጢር አይደለም።

ከሃያ ዓመት በፊት ወረዳኔት ሲዘረጋ የሳን ሆዜው ሲስኮ መሣሪያዎች ወደ አገራችን ወረዳዎች ገብተዋል። ዛሬ የተከማቸው ኃላፊነት ከዚያን ጊዜው እጅግ ይበልጣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ የሚይዝ አካል ግዴታዎች ደንግጓል፤ ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ የብዙ ሚሊዮኖች የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል የመረጃ ማእከሎች መከፈታቸው ደግሞ የሚዛወሩበት ሌላ ቦታ በአገር ውስጥ እንዲኖር አድርጓል። ሕጉም ቦታውም እየተሟላ ሲሄድ፣ መውጫ የሌለው ውል የፈረመ መሥሪያ ቤት ግን በአገሩ ምድር ላይ ተከራይ ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሳችን ሙያ ይመጣል። ዘመናዊ ሶፍትዌር ከጅምሩ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተበታትኖ ስለሚሠራ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል፤ ማሽን ማዛወር የትናንት ጥበብ ነው ይባላል። ለአዲስ ሥርዓት ይህ እውነት ነው፤ አዲስ የሚሠራውም እንዲሁ እንዲሠራ መገፋት አለበት። የመንግሥት ሥራ ግን የሚሮጠው ባመዛኙ ለአንድ ሰርቨር ተብለው በተጻፉ የቆዩ ሥርዓቶች ላይ ነው። እነርሱን ዳግም መጻፍ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የሚጠብቃቸው ከሥራቸው ያለው መደላድል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ይህን የሚያንቀሳቅስ ሰው የት አለ? ኔትወርኩን በወጉ መዘርጋት የሚችል ወጣት ባለሙያ በመንግሥት ደመወዝ አይቆይም፤ ወይ ወደ ባንክ ይሄዳል፣ ወይ እኛ ወዳለንበት ይመጣል። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ሳን ሆዜ ያለው የእኛ ማኅበረሰብ ራሱ የክርክሩ ማስረጃ ነው። ነገር ግን መደምደሚያው «ስለዚህ ሁሉንም ለሻጩ እንተወው» ሊሆን አይገባም። ሻጩ ሠርቶት ሲሄድ ማንም የማያውቀው ሥርዓት ይቀራል፤ የሰው እጥረቱም በኪራይ ላይ ኪራይ ሆኖ ይመለሳል። እጥረት ባለበት የሚሻለው ንድፉን ቀላል፣ አንድ ዓይነትና የተሰነደ ማድረግ ነው።

በሰነድ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው

ፖሊሲ የሚጸናው በጨረታ ሰነድ ላይ ሲጻፍ ነው። ማንኛውም የመንግሥት የመረጃ ማእከል ግዥ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት የርክክብ ፈተና ይኑረው፦ በሥራ የተጫነ የመረጃ ቋት በኮሚቴው ፊት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይዛወር፤ የተቋረጠበት ጊዜ ይለካ፤ በመስመሩ ያለፈው መረጃ የተመሰጠረ መሆኑም ይረጋገጥ። ፈተናው በየስድስት ወሩ ይደገም።

ሰነዱ ስለ ፕሮሰሰርም ይናገር። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንድ ዓመት ኢንቴል፣ በሌላው ዓመት ኤኤምዲ ከተገዛ በመካከላቸው ያለ ማቋረጥ መዛወር አይቻልም። በየዓመቱ ለዝቅተኛው ዋጋ ብቻ የሚሰጥ ጨረታ ሳያውቀው ማእከሉን ለሁለት ይከፍለዋል። እንዲሁም ውሉ የመውጫ አንቀጽ ይኑረው፤ ማሽኖቹ በክፍት ቅርጽ የሚገለበጡበት መንገድ፣ የኔትወርኩ ሙሉ ንድፍና የቅንብር ሰነዶች የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ይሁኑ።

የእኛ የዳያስፖራ ባለሙያዎች ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ያገለገሉ ሰርቨሮችን ሰብስቦ መላክ ልግስና ነው፤ የተለያዩ ዕቃዎች ክምር ግን ላይቭ ማይግሬሽንን የሚያከብድ ድብልቅ ይፈጥራል። የአንድ ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ መመለስም ከምስክር ወረቀት አያልፍም። ከዚህ የሚበልጠው እኛ በየቀኑ የምንሠራውን ሥራ መስጠት ነው፦ የጨረታ መስፈርቶችን በአማርኛ መንደፍ፣ የአቅራቢዎችን ምላሽ ያለ ጥቅም ግጭት መገምገም፣ በርክክብ ፈተና ቀን በርቀትም ቢሆን መገኘት፣ ከአገር ቤት ባልደረባ ጋር ጥንድ ሆኖ ለዓመት መዝለቅ። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሥነ ምግባር አስፈላጊ ነው፤ የምንሠራበት ኩባንያ ከተጫራቾቹ አንዱ ከሆነ ከግምገማው መውጣት አለብን። ሸለቆው ውስጥ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን የምንበላው ከእነዚሁ ሻጮች እጅ መሆኑን መደበቅ ለምክራችን ክብር አይሰጥም።

የሚቀጥለው የመረጃ ማእከል ሲመረቅ ጋዜጠኞች የሰርቨሩን ብዛትና የወጣውን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከእኛ መካከል በዚያ አዳራሽ የሚገኝ ሰው ካለ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ከእነዚህ ማሽኖች አንዱን አሁን፣ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ቀጣዩ መደርደሪያ ልታሻግሩልን ትችላላችሁ? መልሱ በቃል አይበቃም፤ በሥራ ይታይ።